ከብረት ሳጥን የወጣው ራውተር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ፔንሲዮን ተደወለልኝ። «ዋይፋያችን እታች አለ፣ ፎቅ ላይ ግን ድርሽ አይልም» አሉ ባለቤቱ። ሁሉም ሐጂ ነው የሚሏቸው።

ራውተሩን ያገኘሁት ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ፣ በተቆለፈ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። እንዳይሰረቅ ብለው ነው። የዋይፋይ ሞገድ ብረት አይሻገርም፤ ነጥሮ ይመለሳል። እታች ይደርስ የነበረው በኬብሉ ቀዳዳና በበሩ ስንጥቅ ያመለጠው ነው። በዚያ ላይ ቤቱ የድሮ የድንጋይ ግንብ ነው። ከራውተሩ ሁለት ዓይነት ሞገዶች ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ባለ 2.4ቱ ዘገም ይላል፣ ርቆ ይሄዳል።

ኬብሉን ስቤ ፎቅ ላይ፣ መንገዱን የሚያየው መስኮት አናት ላይ ሰቀልኩት። ክፍሎቹን እየዞርኩ በስልኬ ሞከርኩ። ሁሉም ጋ ሙሉ። ሐጂ መረቁኝ፣ ቡና ጠጥቼ ሄድኩ።

የሴቲንጉን መግቢያ ግን ከፋብሪካ እንደመጣ ተውኩት፤ ስሙም አድሚን፣ ፓስወርዱም አድሚን። በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደወሉ። «ልጄ፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ነገሩ ግን አይሄድም።» ፓስወርዱን አስቀይረው ነበር። ሁለት ቀን ደህና ሆኖ ተመልሶ ያው።

ማታ 2 ሰዓት ገደማ ደረስኩ። ከጦሳ የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖታል። ፊት ለፊት ካለው አጥር ሥር ስድስት ሰባት ልጆች ጋቢ ተከናንበው ተደርድረዋል። የስልክ ብርሃን ፊታቸው ላይ ያርፋል። ገብቼ የተገናኙትን ስቆጥር 31። ያን ምሽት የነበሩት እንግዶች 9 ናቸው።

ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንዱ ልጅ እንዴት እንደሚገባ አሳየኝ። ስልኩ ላይ ያለው አፕ በደብሊውፒኤስ ፒን ነው የሚገባው። ደብሊውፒኤስ ፓስወርድ ሳይጻፍ ቶሎ ለመገናኘት የተሠራ አቋራጭ ነው። ፒኑ 8 አሃዝ ስለሆነ ለመገመት የማይቻል ይመስላል። ራውተሩ ግን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያረጋግጠው፤ የመጨረሻው አሃዝም ከሌሎቹ ይሰላል። ስለዚህ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ይህ ክፍተት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ነው። ፓስወርዱን አስሬ ብትቀይሩት እንኳ፣ ፒኑን ላገኘ ሰው ራውተሩ አዲሱን ራሱ ይሰጠዋል።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያው አጥር ሥር በስልኬ ኔትወርኩን ስፈትሽ የመቀበያው ኮምፒውተር ታየኝ። አንድ ፎልደር ለሁሉም ክፍት ነው። ነካሁት። የእንግዶች መታወቂያ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከነፎቷቸው፣ ከነአድራሻቸው ስልኬ ላይ ተዘረጉ። ክው ብዬ ቀረሁ። ሲግናሉን ከሳጥን አውጥቼ መንገድ ድረስ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ለሐጂም እንደዚያው ነገርኳቸው።

እዚያው አመሸሁ። ራውተሩን ከመስኮቱ አንስቼ ኮሪደሩ መሐል፣ ደረጃው አናት ላይ አዛወርኩት። የቆመ አንቴና ሞገዱን ወደ ጎን ነው የሚዘረጋው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይሳሳል። ስለዚህ አንዱን አቆምኩት፣ አንዱን አጋደምኩት። ቻናል 6 በሚባለው የሞገድ መንገድ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ተጨናንቋል፣ ወደ 11 ወሰድኩት። ክፍሎቹ ውስጥ እንደ በፊቱ ሙሉ ነው። አጥሩ ሥር አንድ የሲግናል መስመር ብቻ ቀረ። ከዚያ ደብሊውፒኤሱን ዘጋሁ፤ የዋይፋዩንም የሴቲንጉንም ፓስወርድ ለወጥኩ፤ ፎልደሩን ዘጋሁ። ለእንግዶችም ከቢሮው ጋር የማይተያይ የራሳቸውን ኔትወርክ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ቀን ብሠራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር።

ሐጂ ሰምተው ሲጨርሱ «ልጆቹስ?» አሉ።

«ተዘጋባቸው።»

«አይሆንም ልጄ። የጎረቤት ልጆች ናቸው፣ ትምህርት ያወርዱበታል። ጓዳዬ አይግቡ እንጂ ሳሎን ምን አለበት? ብርዱ ላይም አይቀመጡ፣ ግቢ ይግቡ።»

ፍጥነቱ የተገደበ፣ ማታ 3 ሰዓት የሚዘጋ ሌላ የዋይፋይ ስም ከፈትኩላቸው። በሳምንቱ ብቅ ስል ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው፣ አንዱ ደብተር ይዟል። «አብሽር፣ ይሠራል» አለኝ ያ ልጅ። እኔ ግን በእነሱ ዋይፋይ ገብቼ ያንን ፎልደር ፈለግኩት። አልታየኝም።