ለነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ የምርምር ርዕሴን እንዴት መረጥሁ፣ እንዴትስ ተሟገትሁለት

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ነርሲንግ በሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው የምርምር ርዕስ የሚያስገባበት ጊዜ ሲቃረብ፣ ከእሱ በፊት ያለፉ ተማሪዎች የተዉለትን አንድ ቅርጽ ያገኛል፤ የአንድ የጤና ችግር ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ዓመት። የችግሩንና የከተማውን ስም መቀየር ብቻ ይበቃል። ይህን ቅርጽ አልንቀውም፤ ስንት ሰው እንደሚጎዳ ሳይታወቅ ስለ መፍትሔው መነጋገር አይቻልምና። እኔ ግን ወደ ትምህርት የገባሁት በአጥንት ሕክምና ዋርድ ለዓመታት ከሠራሁ በኋላ ስለሆነና ከምረቃ በኋላም የምመለሰው ወደዚያው ስለነበር፣ የምጽፈው ነገር ቢያንስ የአንዱን ፈረቃ ሥራ እንዲለውጥ እፈልግ ነበር። ርዕሱን የመረጥሁበትና በገምጋሚዎች ፊት ያስረዳሁበት መንገድ ከዚህ ፍላጎት የመጣ ነው።

ርዕስ ከመፈለጌ በፊት፣ ነርስ የሐኪም ትእዛዝ ሳትጠብቅ በራሷ ውሳኔ የምትሠራቸውን ሥራዎች ለይቼ ጻፍሁ። ጥናቱ የሚጠይቀው ለውጥ በሌላ ሙያ ወይም በመድኃኒት ግዢ በጀት እጅ ያለ ከሆነ፣ የነርሷ ምክረ ሐሳብ የተጻፈበት ገጽ ላይ ይቀራል። ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የቀሩኝ ጉዳዮች ሦስት ነበሩ፤ የፈረቃ ርክክብ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረግ የሕመም ስሜት ምዘና፣ እንዲሁም በዋርድ ውስጥ «ቤድሶር» እያልን የምንጠራው የመኝታ ቁስል። የሕመም ምዘናውን የተውሁት ምዘናው በነርሷ እጅ ቢሆንም ማስታገሻው በትእዛዝና በአቅርቦት የሚወሰን በመሆኑ ነው፤ በትክክል መዝና መድኃኒት የማታገኝ ነርስ ምን ታድርግ ብዬ ልጻፍ? ርክክቡ ደግሞ እጅግ የሚስብ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን በቃል የሚነገር ርክክብ መጉደሉ በሕመምተኛው ላይ ያስከተለውን ጉዳት ለመከታተል የአንድ ማስተርስ ተማሪ ጊዜ አይበቃም።

የመኝታ ቁስል ግን ይታያል፣ ይቆጠራል፣ አብዛኛውም መከላከል የሚቻል ነው። በአጥንትና በፍራሽ መካከል ለረጅም ሰዓት የተጨፈለቀ ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ሕመምተኛው ወደ ታች ሲንሸራተት ወይም ሲጎተት የሚፈጠረው ፍትጊያ፣ እርጥበትና የምግብ እጥረት ደግሞ ነገሩን ያፋጥኑታል። የጭን አጥንቱ ተሰብሮ በትራክሽን (የተሰበረውን እግር በክብደት ስቦ በሚይዝ መሣሪያ) ላይ ቀዶ ሕክምና እየጠበቀ ለሳምንታት በጀርባው የሚተኛ ሰው፣ ጭራ አጥንቱና ተረከዙ ምን እንደሚሆኑ በዚህ ዓይነት ዋርድ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የነርሲንግ መጽሐፏ፣ ሕመምተኛ የመኝታ ቁስል ሲያወጣ ጥፋቱ በአብዛኛው የበሽታው ሳይሆን የእንክብካቤው ነው ብላ ነበር። አባባሉ ብቻዋን ሙሉ ዋርድ ለምትይዝ የሌሊት ነርስ ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ሆኖም ጉዳዩ የማን ሙያ እንደሆነ ያለ ጥርጥር ያሳያል።

ጉዳዩ ከተመረጠ በኋላም ርዕስ አልሆነም፤ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም ይህ ክፍል ነው። በእጄ ያለው ቀላሉ መንገድ ነርሶች ስለ መኝታ ቁስል መከላከል ያላቸውን እውቀት፣ አመለካከትና ተግባር በመጠይቅ መለካት ነበር። ነገር ግን «ሕመምተኛው በየስንት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት?» ተብላ የተጠየቀች ነርስ «በየሁለት ሰዓቱ» ብላ እንደምትመልስ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ እኔም ብጠየቅ የምመልሰው ያንኑ ነው። በመጠይቅ የሚለካ ተግባር ሰዎች እናደርገዋለን የሚሉትን እንጂ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሚደረገውን አይነግረንም። ከዚህም በላይ አንድ ፈተና አወጣሁለት። ለእያንዳንዱ እጩ ርዕስ ሊገኙ የሚችሉትን ውጤቶች ጽፌ፣ በእያንዳንዱ ውጤት ሥር የምሰጠውን ምክረ ሐሳብ መረጃ ከመሰብሰቤ በፊት አረቅሁ። የነርሶች እውቀት ዝቅተኛ ሆኖ ቢገኝ «ሥልጠና ይሰጥ» እላለሁ፤ መካከለኛ ቢሆን «ሥልጠና ይሰጥ» እላለሁ፤ ከፍተኛ ሆኖ ተግባሩ ቢያንስም ያው «የማነቃቂያ ሥልጠና ይሰጥ» ነው። ውጤቱ የትኛውም ቢሆን መደምደሚያው የማይለወጥ ከሆነ ለማወቅ የሚያበቃ ጥያቄ የለም ማለት ነው። በዚህ ፈተና ከጥሩ ርዕሶቼ ብዙዎቹ ወደቁ፤ ዛሬም ርዕስ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የማቀርብለት ይህንኑ ነው።

ፈተናውን ያለፈው ጥያቄ የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዋርዱ አሠራር ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ሕመምተኛውን የሚያበላው፣ የሚያጥበውና የሚያገላብጠው አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚው ነው፤ ሚስት፣ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ አንዳንዴም ከገጠር አብሮ የመጣ ጎረቤት። በውጭ አገር የተጻፉት መመሪያዎች ደግሞ አገላባጩ የሠለጠነ ሠራተኛ መሆኑን እንደ ታወቀ ነገር ወስደው ይጀምራሉ። ስለዚህ ጥያቄዬን እንዲህ አድርጌ አጠበብሁት፤ ለመኝታ ቁስል በተጋለጡ የአጥንት ሕሙማን ዘንድ የአተኛኘት ለውጥ በቀንና በሌሊት በምን ያህል ልዩነት ይደረጋል፣ የሚያደርገው ማን ነው፣ አስታማሚውስ ስለ አደራረጉ ከነርስ ምን ተነግሮታል? እዚህ ላይ ውጤቶቹ የተለያየ ምክረ ሐሳብ ወለዱ። አስታማሚዎች እያገላበጡ ነገር ግን አንሶላ ሳይጠቀሙ እየጎተቱ ከሆነ፣ ሕመምተኛው በተኛበት ቀን ማስተማር ያስፈልጋል። ሌሊት ማንም የማያገላብጥ ከሆነ ጉዳዩ የሌሊት የሰው ኃይል ምደባ ነው። ነርሶች እያገላበጡ ሳይመዘግቡት ከሆነ ደግሞ ችግሩ የቻርቱ ነው።

ወደ ማስረዳቱ ስመጣ፣ በችግሩ መግለጫ ውስጥ በብዛት የሚታየውን «በዚህ ሆስፒታል ጥናት አልተሠራም» የሚለውን አረፍተ ነገር ላለመጠቀም ወሰንሁ። ያልተጠና ነገር ሁሉ ሊጠና ይገባዋል ማለት አይደለም፤ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያሉ ዛፎች ቁጥርም አልተጠናም። ደግሞም ስለ መኝታ ቁስል በአገራችን ጥናት አለ። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሪፈራል ሆስፒታል ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ተኝተው ከሚታከሙ 422 ሕሙማን 16.8 በመቶው የመኝታ ቁስል እንደነበራቸው አሳይቷል። ይህን ቁጥር የተጠቀምሁበት ችግሩ መኖሩን ለማሳየት ነው፤ ከዚያም ቁጥሩ ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ አስከተልሁ። በአንድ ጊዜ የሚቆጠር ስርጭት ቁስሉን ከቤቱ ይዞ የመጣውንና ዋርድ ውስጥ ያወጣውን በአንድ ላይ ይቆጥራቸዋል፤ እንክብካቤው የት ላይ እንደሚቋረጥም አይናገርም። በአብዛኞቹ ፕሮፖዛሎች ከዓለም ወደ አፍሪካ፣ ከአፍሪካ ወደ ኢትዮጵያ እየጠበበ የሚወርደውን የአኀዝ መሰላል በአንድ አንቀጽ ጨርሼ፣ የቀረውን ቦታ ለዚህ ክፍተት ሰጠሁት። አማካሪዬ መግለጫው አጠረ ብለው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ካነበቡት በኋላ ግን ተዉት።

ርዕሱን በገምጋሚዎች ፊት ባስረዳሁበት ቀን ከእነሱ አንዱ ያነሡት ጥያቄ ከባድ ነበር። «የሚያገላብጠው አስታማሚው ከሆነ፣ ይህ ምኑ ላይ ነው የነርስ ጥናት የሚሆነው?» አሉኝ። ሥራውን አሳልፎ መስጠትም የነርስ ሥራ መሆኑን፣ ለማንና እንዴት እንደተሰጠ፣ ከተሰጠ በኋላም ክትትል እንደተደረገበት የማታውቅ ነርስ ደግሞ ለሕመምተኛዋ ቆዳ ያለባት ኃላፊነት እንደማይቀርላት አስረዳሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ አሠራሩን ያሳምራል የሚል ነበር። ለዚህ መልሱ በአሠራሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ መረጃ ሰብሳቢዋ ሰዎች ሲሠሩ ቆማ አትመለከትም፣ በተወሰነ ሰዓት እየዞረች ሕመምተኛው በየትኛው ጎኑ እንደተኛ በሥዕል ላይ ምልክት ታደርጋለች እንጂ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መረጃም ከትንተናው ይወጣል።

ሦስተኛው ጥያቄ የናሙና መጠን ነበር። የእኛን አገር የመመረቂያ ጽሑፎች ያገላበጠ ሰው 422 ወይም 423 የሚለውን ቁጥር ደጋግሞ ያገኘዋል፤ ስርጭቱ 50 በመቶ፣ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ተብሎ ሲሰላ 384 ይመጣል፣ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመርበት እዚያ ይደርሳል። ከላይ የጠቀስሁት የባሕር ዳር ጥናት ስርጭት ስለሚለካ ቁጥሩ ይስማማዋል። የእኔ ጥናት ግን ከአንድ ሕመምተኛ ብዙ ምልከታ የሚወስድ ሲሆን፣ የአንድ ሰው ምልከታዎች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ሺህ ምልከታ እንደ ሺህ ሰው አይቆጠርም። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ሳይገባ ከአንድ የባዮስታቲስቲክስ (የጤና መረጃ ስሌት) መምህር ጋር ተቀምጠን ሌላ ስሌት ሠርተን ነበር። ጥያቄው ስሌቱን መምረጥ አለበት እንጂ የለመድነው ስሌት ጥያቄውን መምረጥ የለበትም።

ሌላው ርዕሱን የቀረጸው ነገር የቆዳ ቀለም ነው። የተጋላጭነት መለኪያ አድርጌ የወሰድሁት በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመውን የብሬደን መለኪያ ነው፤ የስሜት ግንዛቤን፣ እርጥበትን፣ እንቅስቃሴን፣ አካልን የማንቀሳቀስ አቅምን፣ አመጋገብንና ፍትጊያን ለየብቻ መዝኖ ከ6 እስከ 23 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ባነሰ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። መለኪያው አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ የቁስሉ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ይህ ደረጃ ሲጫኑት የማይደበዝዝ መቅላት ተብሎ የሚገለጽ ሲሆን፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በቀላሉ አይታይም። የመጀመሪያውን ደረጃ ትቼ ቆዳ ከተላጠበት ከሁለተኛው ደረጃ ብጀምር መረጃው ይበልጥ አስተማማኝ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ነርስ ልትመልሰው የምትችለውን ጊዜ ከጥናቱ አውጥቼ ያለፈበትን ብቻ መቁጠር ከተነሣሁበት ዓላማ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢዎቹ በዓይን ብቻ ሳይወሰኑ በእጃቸው ጀርባ የቆዳውን ሙቀት ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ጋር እንዲያነጻጽሩ፣ መጠንከሩን ወይም መላሸቁን በጣት እንዲለዩ፣ ሕመም መኖሩንም እንዲጠይቁ ሠለጠኑ።

የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርዱ የጠየቀው ሁላችንም ሌሊት የሚያሳስበንን ነበር፤ መረጃ ሰብሳቢዋ ቁስል ሲጀምር እያየች ዝም ትላለች? አትልም። ተረኛዋን ነርስ ወዲያው እንድታሳውቅ በፕሮቶኮሉ ላይ ጻፍሁ፤ ይህም የተፈጥሮውን ሁኔታ እንደሚያዛባ በጥናቱ ውስንነቶች ሥር በግልጽ አሰፈርሁ። አስታማሚውም የሚታይ ሰው ስለሆነ ፈቃዱ ለብቻው ተጠየቀ። ከሁሉ ይልቅ የረዳኝ ግን የነርሶች ኃላፊ የሆኑት የሆስፒታሉ ሜትሮን ተቃውሞ ነው። «ልጄ፣ ነርሶቼን ለማስከሰስ ከሆነ በሩን አልከፍትልሽም» አሉኝ። ሥጋታቸው ተገቢ ነበር። ከዚያ በኋላ የነርስ ስም እንዳይመዘገብ፣ ፈረቃው ሲገለጽም ቀንና ሌሊት ብቻ እንዲባል፣ ውጤቱም ከዩኒቨርሲቲው በፊት ለዋርዱ እንዲነገር በጽሑፍ ተስማማን። በፕሮፖዛሉ ውስጥ «የጥናቱ ፋይዳ» በሚለው ክፍል፣ «ለፖሊሲ አውጪዎች፣ ለሌሎች ተመራማሪዎች» ተብሎ የሚጻፈውን አስቀርቼ፣ ውጤቱን ማን በየትኛው ስብሰባ ላይ እንደሚቀበለው የጻፍሁት ከዚህ ውይይት በኋላ ነው።

ወጪው ትንሽ ነበር፤ ወረቀት፣ የሰዓት አበልና ለሌሊት ሰብሳቢዎች ማረፊያ። እሱንም ቢሆን ርዕሱ ሳይጸድቅ አስልቼ ነበር።

እስከ መጨረሻው ያከራከረን አስታማሚ የሌላቸው ሕሙማን ጉዳይ ነው። በመኪና አደጋ ተጎድተው በመንገደኛ ወይም በትራፊክ ፖሊስ የሚመጡ፣ ዘመድ እስኪገኝ ድረስ ብቻቸውን የሚተኙ አሉ። ጥናቱ ስለ አስታማሚ ስለሆነ እነዚህ ከመጀመሪያው ይውጡ የሚል አስተያየት ቀርቦ ነበር፤ ለትንተናም ይቀላል። እኔ ግን ርዕሱ ስለ አስታማሚ ሳይሆን የሕመምተኛውን ጎን ማን ይለውጣል የሚል ነው፣ መልሱ «ማንም» የሚሆንበትን ሰው አውጥተን ምን እናጠናለን ብዬ ተከራከርሁ። ቦርዱ ራሳቸው ፈቃድ መስጠት የሚችሉት ብቻ እንዲካተቱ፣ ራሳቸውን የሳቱት ደግሞ ዘመድ እስኪመጣ እንዲቆዩ ወሰነ። ቁጥራቸው ጥቂት እንደሚሆን ስለተገመተ ከሌሎቹ ጋር ሳይደመሩ ለብቻቸው በገላጭ ትንተና እንዲቀርቡ ተስማምተን፣ ርዕሱ በዚያ መልክ ጸደቀ።