የኬኒ ሮጀርስ ለቅሶ፣ መኪና ውስጥ

መጋቢት 2012 ዓ.ም. አንድ ጠዋት አትላንታ ውስጥ የጫንኳቸው እናት ገና በሩን ሳይዘጉ "ሬዲዮውን ትንሽ ከፍ ታደርግልኛለህ?" አሉኝ። አሜሪካዊው የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ኬኒ ሮጀርስ እየዘፈነ ነበር። በዋዜማው ማታ በ81 ዓመቱ አርፎ ነበር። እዚሁ አጠገባችን፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ።

ከፍ አደረግኩላቸው። በመስታወቱ ሳያቸው ከቦርሳቸው አንድ የኮንሰርት ትኬት ቁራጭ አወጡ። ቀለሙ ለቆ ቁጥሩ አይነበብም። የተቀደደው ጠርዙ በስኮች ተለጥፏል። "ከባለቤቴ ጋር የገባንበት ነው" አሉና በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ባለቤታቸው በሕይወት የሉም።

"እኛም ቤት ነበር" አልኳቸው። ገረማቸው። የታላቅ ወንድሜን ካሴት ነገርኳቸው፤ ክሩ በወጣ ቁጥር በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ይመልሰው ነበር። እንግሊዝኛው ሳይገባን ያንን ሻካራ ድምፅ ተከትለን እናንጎራጉር ነበር። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ከነማይክል ጃክሰን ጋር ቆመው ለወገኖቻችን ከዘፈኑት አንዱም እሱ ነው።

ቤተሰቡ በኮሮና ቫይረስ ምክንያት ጥቂት ሰው ብቻ ሆኖ እንደሚሸኘው ሬዲዮው ተናገረ። ድንኳን የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ። ሆዴ ተላወሰ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ልላቸው ፈልጌ እንግሊዝኛው ጠፋኝ። በአማርኛ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቤታቸው ስንደርስ ሌላ ዘፈኑ ተጀምሮ ነበር። አልወረዱም፣ እኔም አልቸኮልኩም። በራቸው ላይ ቆመን እስኪያልቅ ሰማነው።