ወረቀቱን ሳይሆን ምስሉን

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ተመላለስኩበት። የወንድሜ የጭንቅላት ምስል ላለበት ለአንድ ሲዲ ብዬ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንዴ ብቻ በሄድኩ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ 24 ዓመቱ ነው። ከመንዝ መጥቶ እኔ ጋ እየኖረ ፋብሪካ ይሠራል። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ የሻይ ብርጭቆው ከግራ እጁ ሾልኮ ወደቀ። «ብርዱ ነው» ብሎ ሳቀ። በደብረ ብርሃን ጠዋት ይህን ማመን ቀላል ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ። ወዲያው አስመለሰው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ምች ነው ተባለ። እኔም ዳማከሴ አሽቼ አሸተትኩት፣ ጭማቂውን በቡና አጠጣሁት፣ ጋቢ ደራርቤ አስተኛሁት። እንዲህ እያልን ሁለት ሰዓት ሄደ። አስተማሪ ነኝ እኮ! ድንገት የመጣ፣ ሰውየው በዕድሜው አይቶት የማያውቅ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ የአንድ ጎን መዛል ካያችሁ ምች አይደለም። ምንም አታጠጡት። ትን ቢለውስ ብዬ እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ሆስፒታል ደረስን፣ ሲቲ ስካን ተነሳ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ፣ ሪፈር ተጻፈ፣ አምቡላንስ ተገኘ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አለቀ፤ በዚህስ አላማርርም።

የማማርረው ቀጥሎ ባለው ነው። ልንወጣ ስንል «የሲቲው ምስልስ?» አልኩ። «ሪፖርቱ ተያይዟል እህቴ፣ እሱ ይበቃል» አለኝ ወረቀት የሚያዘጋጀው ልጅ። አመንኩት። ወረቀቱ ላይ ደም መፍሰሱ ተጽፎ ከሥሩ «ግፊት» ይላል። ሲለካ የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ነበር። ጭንቅላት ውስጥ ደም ሲፈስ ግፊት ራሱ እንደሚጨምር ያወቅኩት በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው። ወረቀቱን አነበበና ገለበጠው፤ ጀርባው ላይ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስል። «በ24 ዓመቱ ምን ግፊት ያፈሰዋል? ወረቀቱን ተዪው፣ ምስሉን ስጪኝ» አለ። የለኝም አልኩት። «እንግዲያው ድጋሚ ይነሳ።» የሚከፈለውን ሲነግረኝ ለአንድ ምርመራ ሁለቴ አልከፍልም አልኩ። እዚያው ደብረ ብርሃን ያለ ነገር ነው፣ ሄጄ አመጣዋለሁ አልኩ። ሐሙስ ማታ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ስስታም የሆንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። በጣም በማይሆን ቦታ ሆንኩ።

አርብ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ባለሙያው የለም። «ሰኞ ነይ።» ወንድሜ ኮሪደር ላይ ስትሬቸር ላይ ተኝቷል፣ እናቴ ከመንዝ ወርዳ አጠገቡ ቁጭ ብላለች፣ እኔ ቅዳሜና እሁድን ደብረ ብርሃን የባለሙያውን ስልክ ስፈልግ አለፈ። ሰኞ ጠዋት ሲዲው ተሰጠኝ። በነጭ ፖስታ፣ ስሙ በማርከር ተጽፎበት። እየሮጥኩ አዲስ አበባ ገባሁ። ሐኪሙ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተው፣ ጠበቀ፣ አወጣው፣ በልብሱ ጠርጎ መልሶ ከተተው። ባዶ ነው። ምንም አልተጻፈበትም!

ማክሰኞ ስመለስ «እኛ ጽፈን ነው የሰጠንሽ» አሉኝ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ከዚያ ሲስተም የለም ተባለ። ከሰዓት በኋላ በራሴ ፍላሽ ገልብጠው ሰጡኝ። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። ማክሰኞ ማታ ሐኪሙ ምስሉን ለማየት አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም፤ «ይሄ የግፊት ቦታ አይደለም፣ የደም ስሮቹን የሚያሳይ መድኃኒት ሰጥተን ድጋሚ እናንሳው» አለ። በማግስቱ ኤቪኤም የሚሉት የአንጎል ደም ስሮች መጠላለፍ መሆኑ ታወቀ።

ሐኪሙ ስዕል ስሎ አስረዳኝ። ደም ከልብ የሚወጣው በደም ቅዳ በኃይል ነው። ከዚያ በፀጉር ቅጥነት ባላቸው ስሮች ተበትኖ ኃይሉ ይበርድና በደም መልስ ይመለሳል። የወንድሜ ላይ መሃል ያሉት ቀጫጭኖቹ የሉም፤ ደም ቅዳው ቀጥታ ከደም መልሱ ጋር ተጠላልፏል። የበሬሳ ወንዝን የክረምት ሙላት ያለ ምንም መከተሪያ የጎመን ቦይ ውስጥ እንደመልቀቅ ነው። ቦዩ አንድ ቀን ይደረመሳል። አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚወለድ ነገር ነው። እናቴ ከዚያ ቀን በፊት በእርግዝናዋ የተሸከመችውን ሸክም ሁሉ እየቆጠረች ስታለቅስ ነበር። በማንም ጥፋት አይደለም ሲላት ዝም አለች።

እዚህ ላይ ዘመድ ሁሉ «ህንድ ውሰዱት» ማለት ጀመረ። አጎቴ በሬ ለመሸጥ ተነሳ። የኔ ምክር፦ ሦስቱን ነገር ሳታውቁ ምንም አትሽጡ። ስፋቱ ስንት ነው፣ ንግግርን ወይ እንቅስቃሴን የሚያዝ ቦታ ላይ ነው ወይ፣ ደሙ የሚወጣው በጥልቅ ደም መልስ ነው ወይ። ሐኪሞቹ ከ1 እስከ 5 ደረጃ የሚሰጡት በነዚህ ነው። የወንድሜ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ከነዚያ ቦታዎች ውጭ ላይኛው ገጽ ላይ ያለ፣ ደሙም በጥልቅ ደም መልስ የማይወጣ ነበር። ደረጃ 1። እንዲህ ያለው በቀዶ ጥገና ተቆርጦ ይወጣል። በጨረር የሚደረገውም አለ፤ ግን ስሩ እስኪዘጋ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ እስከዚያ የመፍሰስ አደጋው አብሮ ይኖራል። በብሽሽት ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በሙጫ መሰል ነገር መድፈንም አለ። ህንድ የሚልክ ደላላ ይህን አይነግራችሁም።

ቀዶ ጥገናው ደሙ እስኪመጠጥ ተብሎ ከሳምንታት በኋላ ተቀጠረ። በመሃል አንድ ጥፋት ሠራን። ጠበል ወሰድነው፤ ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ። የሚጥል በሽታ መከላከያ ክኒኑን ግን «ከጠበል ጋር አይሄድም» ሲሉን አቆምን። በአምስተኛው ቀን ጣለው። ክኒን በጠበል ይዋጣል፤ እኛ ከዚያ በኋላ ያደረግነው እንደዚያ ነው። ራሴን አመመኝ ሲል ደግሞ ዳይክሎፌናክ ሊወጉት የተነሱ አሉ፤ እንዳትፈቅዱ፣ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ሐኪሙን ጠይቁ።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር፣ በደህና አለቀ። ከዚያ በኋላ የተረፈ ስር እንደሌለ በድጋሚ ምርመራ ታየ። ያን ሳታዩ «ድኗል» አትበሉ። በወጣትነቱ ደም ፈሶት መጀመሪያ ሲታይ ምንም ያልተገኘበት ሰው ካላችሁም፣ የረጋው ደም የተጠላለፈውን ስር ተጭኖ ሊደብቀው ስለሚችል ቆይቶ ድጋሚ መታየት እንዳለበት ጠይቁ።

የሪፈር አልጋ እስኪገኝ ቤታችሁ ሆናችሁ ስልክ ጠብቁ ትባላላችሁ። እኔ የሪፈር አልጋ የሚያፈላልገው የሊያዞን ቢሮ በር ላይ ቁጭ በሉ እላለሁ። እኔ ቁጭ ብዬ ነው የቀዶ ጥገናውን አልጋ ያገኘሁት። ሲዲ ከተሰጣችሁ ደግሞ ከክፍሉ ሳትወጡ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አስከፍታችሁ እዩት። ይቆጣሉ። ይቆጡ።

አሁን ብርጭቆ በግራ እጁ ይይዛል፣ ጣቶቹ ትንሽ ዘገምተኛ ናቸው። የመጨረሻውን ምርመራ ሲዲ ሁለት አስደርጌ አንዱን እናቴ መንዝ ወሰደችው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ከመሬት ደብተሯ ጋር አስቀምጣዋለች። ቤቷ ኮምፒውተር የለም። በየበዓሉ ታወጣና አቧራውን ትወለውለዋለች።