ማሪያ አልነሳ አለች

ወሩ በገባ በ20 ማታ ነው፤ ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት። በማግስቱ የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ስለሆነ እናቴ ጓዳ እንጀራ ትጋግራለች። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ለአንድ ሆቴል የምሠራውን ዌብሳይት እጨርሳለሁ። በ22 ለባለቤቱ ላሳይ ቀጥሬያለሁ።

ስለ ላፕቶፔ አንድ ነገር ላስቀድም። ባትሪው ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ቻርጀሩ ከተነቀለ «ደህና እደሩ» እንኳ ሳይል ነው የሚሄደው።

ስለ ቤታችን ቆጣሪ ደግሞ ሌላ ነገር። ምጣድና ስቶቭ አንድ ላይ ሲሰኩበት አይችልም። ይህን እናቴ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ግን ሊጡ ኩፍ ብሎ ከቡሃቃው አፍ ሊወርድ ደርሷል፣ ወጡም ገና ቁሌት ላይ ነው። ሁለቱንም ሰካቻቸው። ጣ! ጨለማ።

«መብራት ሄደ!» አለች ከጓዳ፣ ምንም እንደማታውቅ ሰው።

ተነስቼ ማብሪያውን መለስኩ፣ ላፕቶፑን አስነሳሁ፣ ዌብሳይቱን ላፕቶፔ ላይ የማስኬድበትን ዛምፕ የሚባል ፕሮግራም ከፈትኩ። ገጾቹን የሚያቀርበው አፓቼ አረንጓዴ ሆነ። የዌብሳይቱን መረጃ የሚይዘውን ዳታቤዝ፣ ማይ ኤስኪውኤልን ስጫን ትንሽ ቢጫ አለና... ጣ! እንደገና ጨለማ።

«እማ! አንዱን ንቀይ እንጂ!»

«ሊጤ ይኮምጥጥልህ?»

በሦስተኛው ማይ ኤስኪውኤል ጭራሽ እምቢ አለ። ቀይ ጽሑፍ ብቻ፦ ሳይታሰብ ተዘግቷል፣ ምናልባት ፖርቱ (የሚገናኝበት በር) ተይዞ ይሆናል፣ ምናልባት ፈቃድ ጎድሎ ይሆናል። እኔም ጅሉ ፖርት 3306ን ማን ያዘው ብዬ አንድ ሰዓት ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁትን ፕሮግራም ሁሉ ዘጋሁ፤ ፖርቱን ግን የያዘው የለም። የዋሸራ አገር ልጅ ሆኜ ሰሙን ብቻ ይዤ ስዳክር ይታያችሁ። ሰሙ ፖርት ነው፣ ወርቁ ምጣድ ነው።

ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው፦ ዛምፕ ላይ የተጻፈው ስም ማይ ኤስኪውኤል ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ውስጡ ያለው ማሪያዲቢ ነው። ሁለቱንም ያስጀመረው ፊንላንዳዊው ሞንቲ ዊዴኒየስ የመጀመሪያውን በልጁ በማይ፣ ሁለተኛውን በታናሽዋ በማሪያ ስም ነው የሰየመው። እኔና ጓደኛዬ ታዲያ በአጭሩ ማሪያ እንላታለን።

«ማሪያ አልነሳ አለችኝ» አልኩት። «ሁለት ጊዜ ወደቀችብኝ።»

«ሎጉ ምን ይላል?»

ማሪያ የገጠማትን የምትመዘግብበትን ፋይል ከፍቼ አነበብኩለት። አሪያ ሎግ የሚባለው የውስጥ ፋይሏ ተበላሽቷል፣ መመለስ አልተቻለም ይላል። ለመነሳት እየሞከረች ሳለ ነው እኮ ሁለተኛው ጨለማ የመጣባት።

«በል ምንም ሳትነካ መጀመሪያ ኮፒ ያዝላት» አለኝ።

ዘወር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ማሰሻው በእጇ፣ ሊጡ እስከ ክርኗ።

«ማሪያ ማናት?»

«እማ፣ የኮምፒውተር ነው።»

«ከወደቀች ምን ታደርጋለህ ስልክ ይዘህ? ሄደህ አታነሳትም?» ብላኝ ተመለሰች። አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ እስከ ሳሎን መጣ። ዓይናማ ነጭ እንጀራ። ተናድጄም ራበኝ።

የእሷ 40 እንጀራ ሳያልቅ እኔ ምንም መንካት እንደሌለብኝ ገባኝ። ጠበቅኩ። ምጣዱ የተነቀለው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው።

ከዚያ ጀመርኩ። «ዳታ» የሚለውን ፎልደር ስሙን «አሮጌው» አልኩት። ዛምፕ ራሱ «ባክአፕ» ብሎ ያስቀመጠውን ገልብጬ አዲስ «ዳታ» አደረግሁ፤ ከአሮጌው የሆቴሉን ዳታቤዝ ፎልደር አንስቼ ጨመርኩበት። ስታርት። አረንጓዴ! ልዘል ስል ዳታቤዙን ከፍቼ የማይበት ፒኤችፒ ማይአድሚን ውስጥ ገባሁ። ዌብሳይቱን የሠራሁበት የዎርድፕረስ 12ቱም ቴብሎች (መረጃው ያለባቸው ሠንጠረዦች) በስም ተደርድረዋል። አንዱን ስጫነው «የለም» ይለኛል። ሌላውም የለም። ስም ጠርተው ሲመዘግቡት አቤት ብሎ አካሉ የቀረ ዓይነት ነገር።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ በክፍሉ ውስጥ እየተንቆራጠጥኩ «ማሪያ... ኧረ ማሪያ... ምን አደረግሁሽ ማሪያ» እያልኩ ቆየሁ። የጎረቤታችን ግድግዳ ደግሞ ጭቃ ነው፣ ድምፅ አይከለክልም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። አይቢዳታ1 የሚባለውን ፋይል ረስቼዋለሁ። የቴብሎቹ ውል ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ያለ እሱ ፎልደሩ ባዶ ቀፎ ነው። ማሪያን አቆምኩ፣ ፋይሉን ከአሮጌው አምጥቼ በአዲሱ ላይ ተካሁት፣ ስታርት አልኩ። ቴብሉን ስጫን የሆቴሉ ክፍሎች፣ ዋጋው፣ የጻፍኩት ሁሉ ዝርግፍ አለ።

«ወጡ!» ብዬ ጮህኩ። «ሁሉም በሰላም ወጡ!»

በማግስቱ ማኅበሩ ሞቅ ብሏል። ጠላ ስቀዳ የጎረቤታችን እትዬ ክንዴን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም አሉ፤ «ማርያም ማርያም» ስል ሰምተው እሳቸውም ተነስተው ሲጸልዩ ነው ያነጉት።

«እንኳን ማርያም ማረቻት!» አሉኝ ጉንጬን እየሳሙ። «እናትህ ደብቃን እንጂ እኛ ገንፎ እናገነፋ አልነበር? ለመሆኑ ወንድ ነው ሴት?»

እናቴ ከወዲያ ማዶ ጭልፋውን ይዛ ቀጥ ብላ አየችኝ።

«12 ናቸው» አልኳቸው።