በስሞላንድ ጫካ ብርጭቆ ፍለጋ

ከኮፐንሃገን ተነስቶ ባሕሩን በድልድይ ተሻግሮ ወደ ካልማር የሚዘልቀው ባቡር በቬክሼ፣ በኤማቦዳና በኒብሩ በኩል ያልፋል። እኔ የወረድኩት ቬክሼ ላይ ነው፤ ስሞላንድ በተባለው የደቡብ ስዊድን ክፍለ ሀገር ያለች ከተማ ናት። ከ1940ዎቹ እስከ 1960ዎቹ የተሠሩትን የስካንዲኔቪያ የብርጭቆ አበባ ማስቀመጫዎች መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይበጀዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የስሞላንድ ሙዚየም የስዊድንን የብርጭቆ ሥራ ከጥንቱ እስከ ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። ገበያ ከመውጣት በፊት እውነተኛውን ዕቃ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፦ የግድግዳውን ውፍረት፣ ቀለሙ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የአፉን አጨራረስ። በፎቶ ብቻ የተማረ ዓይን ውፍረት አይለካም፤ ክብደትም አያውቅም።

ከቬክሼ ወደ ምሥራቅ ለመጓዝ መኪና መከራየት ይሻላል። አውቶቡስ ቢኖርም ከመንደር መንደር እየዞረ ዕቃ ለሚፈልግ አይመችም። መንገዱ ጥድና ሐይቅ ብቻ ነው። የብርጭቆ ፋብሪካዎቹ እዚህ የተተከሉትም ለዚሁ ጫካ ሲባል ነው፤ እቶኑ ቀንና ሌሊት እንጨት ይበላ ነበር። ኮስታ በ1742፣ ቦዳ በ1864 ተመሠረቱ። ኦሬፎርስ ከቀድሞው የብረት ማቅለጫ ጎን በ1898 ብርጭቆ መሥራት ጀመረ፣ በ2013 ተዘጋ። ዛሬ እሳታቸው ያልጠፋው ጥቂቶቹ ናቸው።

ኮስታ ስትደርሱ ሱቁን አስቀድማችሁ አትግቡ። መጀመሪያ ምድጃው ጋ ቁሙ፤ ገበያ ላይ የሚያስፈልገው እውቀት አብዛኛው ያለው እዚያ ነውና። ነፊው በብረት ቱቦው ጫፍ ከ1100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ውስጥ ትንሽ የቀለጠ ብርጭቆ ይጠቀልላል፤ ይነፋል፤ በላዩ ባለቀለም ይደርባል፤ ከዚያ ጥርት ያለውን ደጋግሞ ያለብሰዋል። ቅርጹ ሲያልቅ ረዳቱ ሌላ ድፍን ዘንግ ታቹ ላይ ያጣብቃል፣ ከቱቦው ያላቅቁታል፣ አፉ እሳት ላይ ተመልሶ ይስተካከላል። በመጨረሻ ዘንጉ ተመትቶ ይለያል፤ ዕቃው 500 ዲግሪ ገደማ ወዳለው ማቀዝቀዣ ምድጃ ይገባና ቀስ ብሎ ይበርዳል። ይህ ማቀዝቀዝ በጥድፊያ ከተሠራ በብርጭቆው ውስጥ ውጥረት ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ከዓመታት በኋላ ማንም ሳይነካው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዘንጉ የተላቀቀበት ቦታ ሻካራ ጠባሳ ይተዋል። ጥሩ ፋብሪካ ያንን ጠባሳ ሞርዶና ወልውሎ ክብ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ያደርገዋል። ስለዚህ አንድን የአበባ ማስቀመጫ ሳነሳ መጀመሪያ የምገለብጠው ታቹን ነው። ጎድጓዳው ቦታ መሬት ስለማይነካ ጭረት ሊኖረው አይገባም። በዙሪያው ያለው፣ ጠረጴዛ የሚነካው ቀለበት ግን ስድሳ ዓመት ከቆየ በየአቅጣጫው የተበታተኑ ደቃቅ ጭረቶች ይኖሩታል። ጭረቶቹ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ካያችሁ በአሸዋ ወረቀት የተሠሩ ናቸው፤ ዕቃውን መልሳችሁ አስቀምጡ።

ከሁሉም በላይ ልቤን የያዙት የኦሬፎርስ ሁለት ስልቶች ናቸው፤ ሰውም አንዱን በሌላው ስም ሲሸጣቸው ይታያል። ግራል በ1916 በነዳፊው ሲሞን ጋቴና በነፊው ክኑት ቤርክቪስት እጅ የተጀመረ ነው። ባለቀለም ንብርብር ያለው ትንሽ የብርጭቆ አካል ይሠራና ይቀዘቅዛል፤ ሥዕሉ በመቅረጫ ወይም በአሲድ ይወጣበታል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተመልሶ ይሞቃል፣ ጥርት ያለ ብርጭቆ ይለብሳል፣ ተነፍቶም ይሰፋል። ሥዕሉ ከብርጭቆው ጋር አብሮ ስለሚለጠጥ ጠርዙ ለስላሳና ፈሳሽ ይመስላል። የነዳፊው ኤድዋርድ ሃልድ ዓሦች በአረንጓዴ ሣር መካከል የሚዋኙበት ዕቃ በዚህ ስልት የተሠራ ነው። አሪኤል ደግሞ በ1937 ከቪኬ ሊንድስትራንድና ከኤድቪን ኧርስትሮም ሥራ የወጣ ነው። በዚህኛው ሥዕሉ በአሸዋ ግፊት በጥልቀት ይቦረቦራል፤ ላዩ ሲሸፈን በየቦዩ ውስጥ አየር ተይዞ ይቀራል። መለያው ቀላል ነው። ትንሽ የእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት፦ አየር ያለበት መስመር እንደ ብር ያንጸባርቃል፤ የግራል ሥዕል ግን ቀለሙን ብቻ ያሳያል።

እነዚህ ዕቃዎች ውድ የሆኑት ስላማሩ ብቻ አይደለም። ቀዝቃዛው አካል ተመልሶ ሲሞቅ ብዙው ይሰነጠቃል። ሲለብስ ደግሞ አየር ባልተፈለገበት ቦታ ይገባና ሥዕሉን ያበላሻል። ጥሩ አሪኤል ስታዩ ቦዮቹ እርስ በርስ ሳይፈሱ ድንበራቸውን መጠበቃቸውን ተመልከቱ፤ የነፊው ችሎታ የሚለካው በዚያ ነው።

ፊርማ የመጨረሻ ማስረጃ እንጂ የመጀመሪያ አይደለም። በእጅ የሚጫር ስለሆነ ዛሬም ማንም ሊጭረው ይችላል። ቢሆንም ማንበቡን ማወቅ ይጠቅማል። በኦሬፎርስ ተራ ምርት ላይ የመጀመሪያው ፊደል ነዳፊውን፣ ቀጣዩ ስልቱን ያመለክታል፦ "ፒ ዩ" ማለት ስቬን ፓልምክቪስት ነድፎት በምድጃው ላይ ቅርጹን ያገኘ ነው፤ "ኤን ዩ" የኒልስ ላንድቤሪ ነው። ግራልና አሪኤል ላይ የስልቱ ስም፣ ቁጥር ከፊደል ጋር፣ የነዳፊው ስምም በሙሉ ይጻፋል። ሊንድስትራንድ ከ1950 ጀምሮ የሠራው ለኮስታ ነው፤ እዚያ "ኤል ኤች" የሚለው በሙቅ ምድጃ የተሠራውን፣ "ኤል ጂ" የተቀረጸውን ያመለክታል። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ፊርማውን እዩ። የድሮ ፊርማ ላይ የአገልግሎት ጭረቶች አልፈውበታል። ፊርማው ራሱ ጭረቶቹን አቋርጦ ካለፈና ጠርዙ ነጭ ዱቄት ከመሰለ፣ የተጻፈው ዕቃው ካረጀ በኋላ ነው።

በበጋ በየመንገዱ ዳር በእጅ የተጻፈ "ሎፒስ" (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) የሚል ሰሌዳ ታያላችሁ። ጎተራ፣ ጋራዥ፣ አንዳንዴም አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ክፍያ የሚቀበሉት በስዊድን የባንክ ሒሳብ በሚሠራ የስልክ ክፍያ ስለሆነ ከውጭ የመጣ ሰው የክሮነር ጥሬ ገንዘብ ይያዝ። ስቶክሆልም ወይም ዮተቦሪ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ አያስቸግራቸውም። ጠዋት መድረስ ይሻላል፤ የአካባቢው ነጋዴዎች ከሁሉም ቀድመው ይዞራሉ።

እዚህ ጣትን መጠቀም ነው። አፉን በጥፍር ዙሩት። እሳት ላይ ያለቀ አፍ ድቡልቡልና ለስላሳ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ የውስጥ ጠርዙ ሹል ከሆነ የተሸረፈ አፍ ተሞርዶ አጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ቁመቱን ለክታችሁ በሙዚየም ወይም በፋብሪካው ካታሎግ ከተመዘገበው ጋር አስተያዩ። በቅርጽ ማውጫ ተነፍተው አፋቸው ከፋብሪካው ተቆርጦ የተወለወለ ዕቃዎችም ስላሉ ጠፍጣፋ አፍ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ታቹ መሐል ላይ የተደፈነ ቀዳዳም ፈልጉ፤ ብዙ ትልልቅ ማስቀመጫዎች ለመብራት ማቆሚያነት ተበስተው ነበር። ሙጫ የተጠገነውን ደግሞ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ጨለማ ውስጥ ብታዩት አብዛኛው ሙጫ ያበራል።

በጣም የሚያታልለው ግን የውስጥ ጭጋግ ነው። ውኃ በብርጭቆ ውስጥ ሳምንታት ሲቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደርሳሉ። አንዱ ውኃው የተወው ነጭ የኖራ ቅርፊት ነው፤ ይሄ ይለቃል። ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ አሲድ ጨምሮ ጥቂት ሰዓት ማቆየት ይበቃል። ወርቅ ቅብ ወይም ቀለም ላለበት ግን አይሆንም። ሁለተኛው ውኃው ከብርጭቆው ውስጥ ሶዲየሙንና ፖታሲየሙን እየሳበ ገጹን የበላው ነው። ይህን ማንም ሳሙና አያስለቅቀውም፤ የሚጠፋው በባለሙያ ሲሞረድና ሲወለወል ብቻ ነው። ሲረጥብ ጭጋጉ ይሰወራል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ስለዚህ ገና ታጥቦ እርጥብ የሆነ ማስቀመጫ ከቀረበላችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። የሳህን ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በፍጹም አታስገቡ፤ ሙቀቱና ጠንካራው ሳሙና ገጹን ይበላዋል። የፈላ ውኃም አትጨምሩበት፤ ወፍራም ብርጭቆ ውስጡና ውጪው እኩል ስለማይሞቅ ይፈነዳል።

ገንዘቡ ላልበዛ ሰብሳቢ ከኦሬፎርስና ከኮስታ ወጣ ብሎ መፈለግ ያዋጣል ባይ ነኝ። ፍሊግስፎርስ በ1950ዎቹ የነዳፊውን የፖል ኬደልቭን "ኮኪል" የተባለ ተከታታይ ሥራ አወጣ፦ ወፍራም፣ በጥርት ብርጭቆ ውስጥ የተቀበረ ቀለም፣ ጫፎቹ እንደ ክንፍ የተሳቡ። ብዙዎቹ ታቻቸው ላይ ከፋብሪካው ስም ጋር የተሠሩበት ዓመት ስለተጫረባቸው ለጀማሪ መልካም አስተማሪ ናቸው። እነዚያ የተሳቡ ጫፎች በቀላሉ ስለሚሸረፉ እያንዳንዱን ጫፍ በጣት ዳሱት። ስትሮምበርስሂታን ሌላው ነው፤ ብርማ ሰማያዊ ድባብ ያለው ክሪስታሉ ነጭ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ወዲያው ይለያል።

ማታ ኮስታ ላይ ሂትሲል የሚሉትን እራት ብሉ። ድሮ ሠራተኞችና መንገደኞች በምድጃው ሙቀት ዙሪያ እየተሰበሰቡ ሄሪንግ ዓሣ ይጠብሱ ነበር፤ ዛሬም ዓሣው፣ ድንቹና የስሞላንድ የወተት ኬክ እዚያው ነፊዎቹ በሚሠሩበት አዳራሽ ይቀርባል። በማግስቱ ቦዳ ያለውን ዘ ግላስ ፋክትሪ የተባለውን ሙዚየም እዩ፤ ምድጃውም ክምችቱም ጎን ለጎን ናቸው።

በመልሱ ዴንማርክ ላይ ጊዜ ካላችሁ ኔስትቬድ አጠገብ በቀድሞው ሆልመጎር ፋብሪካ ቦታ በ2020 የተከፈተ ሙዚየም አለ። ፔር ሉትከን ከ1942 ጀምሮ ለዚያ ፋብሪካ የነደፋቸው ማስቀመጫዎች ግድግዳቸው ሥዕል የለውም፤ ውበታቸው የቀለጠው ብርጭቆ ሲሳብና ሲንጠባጠብ ከያዘው ቅርጽ ብቻ የመጣ ነው። በ1950ዎቹ ከስሙ አህጽሮት ጎን ዓመቱም ይጫር ነበር።

አሸጓጎጡ ላይ አትሰስቱ። መጀመሪያ ለስላሳ ነጭ ወረቀት፣ ቀጥሎ አረፋማ ፕላስቲክ፣ በሣጥኑ ግድግዳና በዕቃው መካከል ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት በወረቀት ተሞልቶ። አንገቱ ውስጥ ወረቀት አጥብቃችሁ አትጠቅጥቁ። ሁለት ማስቀመጫዎችን በአንድ ሣጥን ካደረጋችሁ በመካከላቸው ጠንካራ ካርቶን ይቁም፤ የአንዱ ወፍራም ታች የሌላውን አፍ ይሰብራልና። አውሮፕላን ለሚሳፈር፣ ወደ አዲስ አበባም ቢሆን፣ በእጅ መያዙ ይሻላል፤ ነገር ግን አንድ ወፍራም ማስቀመጫ ሦስት ኪሎ ሊደርስ ስለሚችል አስቀድማችሁ መዝኑ። በክረምት መኪና ውስጥ ያደረ ብርጭቆ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ሳይፈታ ጥቂት ሰዓት ይቀመጥ። የፋብሪካ ወረቀት የተለጠፈበትን ሲያጥቡ ወረቀቱን ውኃ እንዳይነካው፤ ወረቀቱ መኖሩ የዕቃውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል። የገዛችሁበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ የከፈላችሁትንና የለካችሁትን ቁመት በካርድ ጽፋችሁ ማስቀመጫው ውስጥ ጣሉት፤ ብርጭቆው ላይ ግን ምንም አትለጥፉ።