ባለሱቁ ለምን ቀና ብሎ አላየኝም? በሙስሊም አገሮች ባሕር ዳርቻ ስለሚለበስ ልብስ

ከባለቤቴ ጋር ለዕረፍት ወደ ዛንዚባር ለመሄድ ስንዘጋጅ ስለ ልብስ የተጨነቅነው ሁሉ ስለ እሷ ልብስ ነበር። ምን ዓይነት የዋና ልብስ ትያዝ፣ ከተማ ውስጥ ስንዘዋወር ትከሻዋን በምን ትሸፍን፣ በመስጂድ ደጃፍ ስናልፍ ፀጉሯን መከናነብ ይጠበቅባት ይሆን እያልን ለቀናት ተመካክረናል፤ ቀድመው የሄዱ ጓደኞቿንም ጠይቀናል። ስለ እኔ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ሁለት ቁምጣና ጥቂት ካናቴራ ሻንጣው ውስጥ ወርውሬ ዝግጅቴን ጨረስሁ። ኋላ ነውር ሆኖ የተገኘው ግን የእኔ አለባበስ ነው።

ያረፍነው በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ፓጄ በምትባል መንደር ነበር። በዚያ በኩል ውሃው በሚሸሽበት ሰዓት ባሕሩ እጅግ ርቆ ይሄድና የባሕሩ ወለል እንደ እርጥብ ሜዳ ይዘረጋል። የመንደሩ ሴቶች ያን ጊዜ ይወጣሉ፤ በችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ያሰሩትን የባሕር አረም ሊያዩ፣ የደረሰውንም ሊሰበስቡ። ፀጉራቸውን ተሸፍነው፣ ረጅም ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው በጨው ውሃ ርሶ፣ ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። ከእነሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ እኛ ጎብኝዎች በዋና ልብስ ፀሐይ ላይ ተዘርግተናል። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ እንዳልተያዩ ሆነው ይውላሉ፤ እኔም ይህን አይቼ ቦታው ለሁሉም የሚስማማ ነው ብዬ ደመደምሁ።

በሁለተኛው ቀን ከዋና እንደ ወጣሁ፣ ቁምጣዬ ገላዬ ላይ እንደተጣበቀ፣ ከወገቤ በላይ ምንም ሳልለብስ፣ ከዳርቻው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ካለች ትንሽ ሱቅ ውሃ ልገዛ ገባሁ። ባለሱቁ ሸምገል ያለ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ሰው ነበር። ውሃውን ሰጠኝ፤ መልሱን አንድ በአንድ ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጊዜ እንኳን ቀና ብሎ አላየኝም። ዓይን አፋር ሰው መሰለኝ፤ ወይም ቀኑ አልቀናውም አልሁና ወጣሁ።

ማምሻውን ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ ስለ ነፋሱና ስለ ዓሣ ዋጋ ብዙ ካወራ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካካ» አለኝ። በስዋሂሊ «ወንድሜ» ማለት ነው። «ባሕሩ ላይ እንዳሻህ ሁን፤ ማንም አይናገርህም። እዚህ መንገድ ላይ ግን እናቴም ታልፋለች፣ ልጆቼም ከቁርኣን ትምህርታቸው ይመለሱበታል።» ከዚያ በላይ አልጨመረም። የባለሱቁ አጎንባሽነት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «ታዲያ እሱ ለምን አልነገረኝም?» ብዬ ስጠይቀው፣ ጥያቄው እንግዳ ሆኖበት «እንግዳ አይደለህ?» ብሎ ብቻ መለሰልኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ያሰብሁት ስለዚህ ዝምታ ነው። እኛ ይሉኝታ የምንለው፣ ሙስሊሞች ሐያእ ከሚሉት ጋር ጎረቤት የሆነው ጠባይ፣ እንግዳ ተቀባዩን በእንግዳው ፊት አፉን ያስይዘዋል። እንግዳው ደግሞ ያልተነገረውን እንደ ተፈቀደ ይቆጥረዋል፤ በማግሥቱም ሌላው እንግዳ የፊተኛውን አይቶ እንዲሁ ያደርጋል፤ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ መላው መንደር ቅር እያለው የሚኖርበት ልማድ ተፈጥሮ ያድራል። «ማንም ምንም አላለኝም» የሚለው የጎብኝዎች የተለመደ መከራከሪያ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን የሚያሳየው የእንግዳ ተቀባዮቹን ጨዋነት እንጂ ፈቃዳቸውን አይደለም።

ወንዶች ነገሩ የማይመለከተን የሚመስለን ለምን እንደሆነም ጠይቄያለሁ። በእስልምና ሊሸፈን የሚገባው የሰውነት ክፍል ዐውራ ይባላል፤ ለወንድም ወሰን አለው፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለው ነው ይላሉ። ከጉልበት በላይ የሚቀረውና ውሃ ያጣበቀው ቁምጣዬ በዚህ መለኪያ አያልፍም ነበር። ደረት በዚህ ወሰን ውስጥ ባይገባም፣ በዚያ መንደር ደረቱን ገልጦ ሱቅ የሚገባ የአገሩ ሰው አላየሁም፤ ልማድ ከሕጉ ቃል አልፎ የሚሄድበት ቦታ አለና። ስለ አለባበስ በብዛት የሚጠቀሰው የቁርኣን ክፍል፣ ሱረቱ አን-ኑር፣ በ31ኛው አንቀጽ ለሴቶች ከመናገሩ በፊት በ30ኛው ወንዶች ዓይናቸውን እንዲሰብሩ ያዛል። ባለሱቁ ያደረገው ይህንኑ ነበር። እኔ መሸፈን የነበረብኝን እሱ ዓይኑን በመስበር ሸፈነልኝ።

ዝምታው ግን ሁልጊዜ አይዘልቅም። ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም በሆነባት በዛንዚባር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የቱሪዝም ባለሥልጣናት ገላቸውን ገልጠው በከተማና በመንደር በሚዘዋወሩ ጎብኝዎች ላይ የገንዘብ ቅጣት እንደሚጣል ሲያስታውቁ፣ ቅጣቱ አስጎብኚዎችንም እንደሚነካ አሳውቀዋል። ለእኔ ክብደት ያለው ይህ ሁለተኛው ነው። ጎብኚው ከሳምንት በኋላ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ «የድንጋዩ ከተማ» (ስቶን ታውን) በሚባለው የዛንዚባር ከተማ ጥንታዊ ክፍል ጠባብ መንገዶች ላይ ግማሽ እርቃኑን ሲመራው የዋለው ወጣት ግን እዚያው ይቀራል፤ በቅጣትም ባይሆን በጎረቤቶቹ ፊት ያፍራል።

የዝምታው መፍረስ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የታየው በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው የሙስሊሞች ደሴታማ አገር፣ በማልዲቭስ፣ ይመስለኛል። የመጀመሪያው መዝናኛ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተከፈተ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የነበረው አሠራር አንድን ደሴት ለአንድ ሆቴል የሚሰጥ ነበር። ጎብኚው በጀልባ ወይም በውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ደሴት ይወሰዳል፤ ነዋሪው በራሱ ደሴት ይኖራል፤ በቢኪኒና በመስጂድ መካከል ያለው ባሕር ጥያቄው እንዳይነሣ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ማብቂያ በነዋሪዎች ደሴቶች ላይ የእንግዳ ማረፊያ መክፈት ሲፈቀድ ግን ይህ መለያ ባሕር ጠፋ። ለጎብኚው ርካሽ፣ ለደሴቲቱ ቤተሰብም እንጀራ የሆነ ለውጥ ነበር፤ ታዲያ ጎብኚው ከበሩ ሲወጣ የሚያገኘው ትምህርት ቤቱን፣ መስጂዱንና የጎረቤቱን ግቢ ሆነ። መፍትሔ ተደርጎ የመጣው «የቢኪኒ ዳርቻ» ነው፤ ከዳርቻው የተወሰነው ክፍል ለጎብኝዎች ይለያል፣ ብዙ ጊዜም በአጥር ወይም በዛፎች ይከለላል፤ ከዚያ ውጭ የዋና ልብስ ብቻ ለብሶ መታየት አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በማፉሺ ደሴት በዋና ልብስ መንገድ ላይ የተገኘች አንዲት እንግሊዛዊት ጎብኚ ከፖሊሶች ጋር ስትታገል የሚያሳይ ምስል ዓለምን ሲያዳርስ፣ የአገሪቱ ፖሊስ ኃላፊ አያያዙ መልካም እንዳልነበረ ተናግረው ይቅርታ ጠይቀዋል። በዚያ ምስል ላይ ሁለቱም ወገን ደስ አላሰኘኝም። ሴትን በጉልበት መጎተት የማንም አገር ክብር ጥበቃ ሊሆን አይችልም፤ ደንቡ ግን አዲስ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ስል «ሙስሊም አገሮች» ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው ማለቴ እንዳይመስል እፈራለሁ። በቱርክ፣ በአንታሊያ ወይም በቦድሩም ዳርቻ፣ ቢኪኒ የለበሰችና ሙሉ በሙሉ የተሸፈነች ሴት ጎን ለጎን ቢዋኙ የሚገረም የለም። በዱባይ የሕዝብ ዳርቻዎች ቢኪኒ የተለመደ ነው፤ እዚያው ከተማ የገበያ አዳራሽ ሲገቡ ግን ትከሻና ጉልበት እንዲሸፈን የሚጠይቅ ማስታወቂያ ያገኛሉ፤ በመኪና ብዙም በማትርቀው በሻርጃ ደግሞ ደንቡ ይበልጥ ጥብቅ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 የቱሪስት ቪዛ ስትጀምር የውጭ አገር ሴቶች አባያ የሚባለውን ረጅም ሰፊ ቀሚስ እንዲለብሱ ባታስገድድም ትከሻቸውንና ጉልበታቸውን እንዲሸፍኑ ጠይቃለች። ደንቡ ከመንግሥት ጋርም ይለዋወጣል፤ በሶርያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የወጣ መመሪያ ሴቶች በሕዝብ ዳርቻዎች ቡርኪኒ፣ ማለትም ከፊት፣ ከእጅና ከእግር በቀር ገላን ሁሉ የሚሸፍን የዋና ልብስ፣ ወይም ይበልጥ የሚሸፍን ልብስ እንዲለብሱ ሲል፣ የግል ዳርቻዎችንና ደረጃቸው ከፍ ያሉ ሆቴሎችን ግን ነፃ አድርጎ ነበር። ስለዚህ የአገሩን ስም ብቻ አውቆ ሻንጣ ማዘጋጀት አይበቃም። የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የቆሙበት ቦታ ነው፤ አሸዋው አልቆ መንገዱ የሚጀምርበት።

ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር ሙሉ በሙሉ አትስማማም። ሸክሙ እኩል አልተከፋፈለም ትላለች፤ እሷ ለቀናት ያሰበችበትን እኔ ካናቴራ በማጥለቅ እንደ ጨረስሁት እያስታወሰችኝ። ልክ ናት፤ ይህን የሚያስተባብል ነገር የለኝም። የአንዲትን ሴት ልብስ መንግሥት ሊወስን አይገባም የሚለው አቋሟም የእኔ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የፈረንሳይ ከተሞች ቡርኪኒን ከዳርቻዎቻቸው ሲከለክሉ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በነሐሴ ወር የአንዱን ከተማ እገዳ ሲያስቆም፣ ሁለታችንም የቆምነው ከተሸፈነችው ሴት ጋር ነበር። የምንለያየው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ አንድ ሰው ስለ ሕጉ ያለው ተቃውሞ በሰው መንደር ውስጥ ለአንድ ሳምንት ሲያርፍ ከሚያሳየው ጠባይ የተለየ ጉዳይ ነው እላለሁ፤ የአገሩን ሕግ መቀየር የአገሩ ሴቶች ሥራ ነውና። እሷ ደግሞ «አንተ ይህን ማለት ይቀልሃል» ትለኛለች። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

በተግባር ግን ሁለታችንም አንድ ነገር እናደርጋለን። እንደ ደረስን፣ ገና ሻንጣ ሳንፈታ፣ ያረፍንበትን ሰው «ጎብኝዎች የሚያደርጉት፣ እናንተ ግን የማትወዱት ነገር ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። «ይህን መልበስ ይቻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ይሉኝታ የያዘው ሰው ሁልጊዜ «ይቻላል» ነው የሚለው፤ ጥያቄው ሲገለበጥ ግን እየሳቀም ቢሆን ይናገራል። ከድንጋዩ ከተማ የገዛነው ካንጋም ከቦርሳችን አይለይም፤ የምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ሴቶች የሚያገለድሙት፣ ጥንድ ሆኖ የሚሸጥ፣ በግርጌው የስዋሂሊ አባባል የታተመበት ቀላል ጨርቅ ነው። ከውሃ ሲወጡ ለመታጠቅ የሚፈጀው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። አንደኛው የእሷ ነው፤ ሁለተኛውን እኔ ትከሻዬ ላይ ጣል አደርገዋለሁ፤ የሴት ጨርቅ መሆኑን እያወቁ የሚስቁብኝ ልጆች አልጠፉም።

በአራተኛው ቀን ወደዚያች ሱቅ ተመለስሁ፤ ሱሪና ሸሚዝ ለብሼ፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ያስተማረኝን የታላላቆች ሰላምታ ይዤ። «ሺካሞ» አልሁት። ሽማግሌው «ማረሃባ» አለና ቀና ብሎ አየኝ፤ ያ ያለፈው ቀን ሰው መሆኔን አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልገባኝም። ውሃውን ከማቀዝቀዣው አውጥቶ በጨርቅ ወለወለና በእጄ ሰጠኝ።