ከሟች ጋር እያደሩ መሳቅ

ኒውዚላንድ፣ ሮቶሩዋ ከተማ አጠገብ የሥራ ባልደረባዬ አያት አርፈው ተሰባስበን ሄድን። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ማኦሪዎች ለቅሶውን ታንጊ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን ገደማ ይቆያል። እስኪቀበር ድረስ አስከሬኑን ብቻውን አይተዉትም።

መንገዱን ሙሉ መኪና ውስጥ ዘፈን ስናጠና ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ንግግር ካደረገ በኋላ ጓደኞቹ ተነስተው ካልዘፈኑለት ያሳፍራል። የእኔን ድምፅ ግን ተዉት።

ማራይ፣ ማለትም የጎሳው መሰብሰቢያ ግቢ፣ ዘው ተብሎ አይገባም። በር ላይ ቆመን ጠበቅን። አንዲት ጥቁር የለበሱ፣ የካዋካዋ ቅጠል ጉንጉን ራሳቸው ላይ ያደረጉ እናት ከወዲያ ማዶ ድምፃቸውን ለቀቁት። ይሄ ካራንጋ ነው፤ የሴቶች ጥሪ። ከእኛም ወገን አንዲት ሴት መለሰች። የሚጠሩት እኛንም፣ አብረውን የመጡ ሙታኖቻችንንም ነው። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ትልቁ ቤት ራሱ ቅድመ አያት ነው። ከጣሪያው ጫፍ ያለው ቅርጽ ፊቱ፣ ከዚያ በግራና በቀኝ የሚወርዱት ሳንቃዎች ክንዶቹ፣ የጣሪያው ዋና አግዳሚ አከርካሪው፣ ወራጆቹ የጎድን አጥንቶቹ ናቸው። ጫማችሁን አውልቃችሁ የምትገቡት አያት ሆድ ውስጥ ነው።

ሳጥኑ ክፍት ነው። አጠገቡ ቀድመው የሞቱ ዘመዶች ፎቶ ተደርድሯል። ተናጋሪዎቹ ስለ ሟች አያወሩም፤ ሟችን ነው የሚያናግሩት። «ይሂዱ፣ ይሂዱ፣ ይሂዱ» እያሉ ያሰናብታሉ። የእኛ የመጨረሻ ተናጋሪ የስጦታ ገንዘባችንን ፖስታ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ከቤቱ ወገን አንዱ መጥቶ አነሳው። ቀጥሎ ሆንጊ፦ ተሰልፎ አፍንጫና ግንባር እያነካኩ ትንፋሽ መጋራት። ከዚያ ምግብ። ሥርዓቱ ከነገድ ነገድ ይለያያል።

የቀብሩን ቀን አላራዝመውም። ከመቃብር ሲወጣ እጅ በውኃ ይታጠባል፣ ትልቅ ድግስ ይበላል። እኔን የገረመኝ ከቀብሩ በፊት ያለው ሌሊት ነው። ፍራሽ ተነጥፎ ሁሉም እዚያው፣ ሟች ባሉበት ቤት ያድራል። ይዘፈናል፣ ይቀለዳል። ቀልዱ ደግሞ በሟች ላይ ነው፤ ፊት ለፊታቸው!

አንዱ የልጅ ልጅ ተነስቶ ሳጥኑን እያየ «አያቴ፣ ራግቢ እያየሽ ቻናል እንዳንቀይር የደበቅሽውን ሪሞት ዛሬስ አትነግሪኝም?» አለ። ከኋላ አንዷ አክስት ከብርድ ልብሷ ሳትወጣ «እኔ ጋ ነው» አለችው።